ስለ ባልንጀራ ክብር፤ «ደረሰ» ወይስ «ደረሱ»?

በአማርኛ ንግግር ዘወትር የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «እገሌ ከባልንጀራው ጋር ደረሰ» ይባላል። ይህን ዐረፍተ ነገር በሰዋስው መንገድ የሚመረምር ሰው የሚያስደንቅ ነገር ያገኝበታል። ባለቤቱ አንድ ነው፤ አንቀጹም የታሰረው በነጠላ ነው። መንገዱን የሄዱት ግን ሁለት ናቸው፤ ደጁንም የረገጡት እግሮች አራት ናቸው። ሁለተኛው ሰው «ጋር» በምትባል በአንዲት ትንሽ ቃል ውስጥ ገብቶ ተሰውሯል። «እገሌና እገሌ ደረሱ» ቢባል ኖሮ ሁለቱም ባለቤት በሆኑ ነበር። በግእዙም «ወ» እና «ምስለ» እንዲሁ ናቸው፤ «ወ» ሁለቱን በአንድ ወንበር ታስቀምጣለች፤ «ምስለ» ግን አንዱን አስቀምጣ ሁለተኛውን በአጠገቡ ታቆመዋለች። ከዚህም የሚገርመው፥ ቋንቋችን አንዱን ሰው ለማክበር ሲሻ ብዙ አድርጎ «ደረሱ» ይለዋል፤ ሁለቱን ሰዎች ግን ነገር ለማሳጠር ብሎ አንድ ያደርጋቸዋል።

ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ለተማሪ ቤት በተተወ ነበር። ነገር ግን ከቃሉ በታች የምግባር ጥያቄ አለበት። ሁለት ሰዎች በአንድ ድካም ከአንድ ስፍራ ቢደርሱ፥ ከዚያም በኋላ የአንዱ ስም ብቻ ቢወሳ፥ ስመ ጥር የሆነው ሰው ስሙ ለተረሳው ዕዳ አለበትን? ዕዳ ካለበትስ በምን ይከፍለዋል? ባልንጀራ የሚለውን ቃል «ባለ እንጀራ» ብለው የሚፈቱት አሉ፤ እንጀራን የሚካፈል ማለት ነው። እንጀራ ለመካፈል ይመቻል፤ ቢቈርሱት ይቈረሳልና። ክብር ግን ሲቈርሱት እንዴት እንደሚቈረስ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ የሚሆን ታሪክ በደቡብ አሜሪካ ምድር፥ ዛሬ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ በሆነችው በቦጎታ ይገኛል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1801 በጁላይ ወር ሁለት መንገደኞች ወደዚህች ከተማ ደረሱ። አንደኛው በ1769 በበርሊን የተወለደው የፕሩስያ ባላባት አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ነው። ሁለተኛው በ1773 ላ ሮሼል በምትባል በፈረንሳይ የባሕር ወደብ የተወለደው ኤሜ ቦንፕላን ነው፤ አባቱ ቀዶ ሐኪም ነበር፥ እርሱም ሕክምና ተምሮ ነበር፤ ልቡ ግን ወደ ዕፅዋት ያደላ ነበር። የተዋወቁት በ1798 በፓሪስ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነው። መጀመሪያ ያሰቡት ወደ ግብፅ ለመሻገር ነበር፤ ጦርነቱ መንገዱን ስለዘጋባቸው ወደ እስጳንያ ሄዱ፤ ንጉሡም ካርሎስ አራተኛ ወደ አሜሪካ ግዛቶቹ እንዲገቡ የይለፍ ወረቀት ሰጣቸው። የናይል ወንዝ ተዘግቶባቸው የኦሪኖኮ ወንዝ ተከፈተላቸው ማለት ነው።

የመንገዱን ወጪ ሁሉ የሸፈነው ሁምቦልት ከእናቱ በወረሰው ገንዘብ ነው። ይህን መዘንጋት አይገባም፤ ገንዘብ ያወጣ ሰው «እኔ» ለማለት ይፈጥናልና። ሁምቦልት ግን ቦንፕላንን እንደ ቅጥር ሠራተኛ አልያዘውም።

በጁላይ 1799 ኩማና በምትባል በቬኔዙዌላ ወደብ ወረዱ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ማታ በባሕሩ ዳር ሲመላለሱ ዱላ የያዘ ሰው ከኋላቸው መጣባቸው። ሁምቦልት ዘሎ ከምቱ አመለጠ፤ ዱላው ያረፈው በቦንፕላን ራስ ላይ ነበር። በሚመጣው ዓመት ኦሪኖኮን ወጥተው ወርደው አንጎስቱራ ሲደርሱ ሁለቱም ታመሙ፤ ሁምቦልት ፈጥኖ ዳነ፤ ቦንፕላን ግን ለሞት እስከሚያሠጋ ድረስ ተያዘ። እንዲህ ያለ ነገር በጉዞ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ አንዱን የሳተው ሌላውን ያገኘዋል። የታሪክ ጸሓፊ ግን የሚከተለው የዳነውን ነው።

ወደ ቦጎታ የመጡት በአቋራጭ አልነበረም። ሐሳባቸው ወደ ሊማ ሄደው ቦዳን ከሚባለው ከፈረንሳዊው መርከበኛ ጋር ተገናኝተው ዓለሙን ለመዞር ነበር። በፓናማ በኩል አልፈው በባሕር ቢሄዱ መንገዱ ይቀላቸው ነበር። ነገር ግን በቦጎታ አንድ ሽማግሌ ካህን ነበሩ፤ ስማቸው ሆሴ ሰለስቲኖ ሙቲስ ይባላል። በ1732 በካዲስ ተወልደው ሐኪም ሆነው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ፥ በኋላም በ1772 ክህነት የተቀበሉ ሰው ናቸው። ከ1783 ጀምሮ በንጉሥ ትእዛዝ የአገሩን ዕፅዋት የሚመረምር ማኅበር ይመሩ ነበር፤ ብዙ ሠዓሊዎችም በቤታቸው ተቀምጠው ቅጠሉንና አበባውን በቀለም ያነሡላቸው ነበር። ሁለቱ ወጣቶች የሰበሰቡትን ዕፅዋት ከእኒህ ሽማግሌ ስብስብ ጋር ለማስተያየት ብለው ከካርታኼና ተነሥተው የማግዳሌናን ወንዝ ሽቅብ፥ በትንኝና በሙቀት መካከል፥ ከአርባ ቀን የሚበልጥ ጊዜ ተጓዙ። ኦንዳ ከሚባለው ስፍራ ጀልባውን ትተው በበቅሎ አቀበቱን ወጡ፤ ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለው ደጋም ደረሱ፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍ ያለ ማለት ነው።

አቀባበሉ እጅግ ያማረ ነበር። ሁምቦልት ራሱ በዚያው ዓመት ለወንድሙ ለቪልሄልም በጻፈው ደብዳቤ መግባታቸውን እንደ ድል አድራጊ ሰልፍ አድርጎ ተርኮታል። ሊቀ ጳጳሱ ሰረገላቸውን ላኩላቸው፤ የከተማው ታላላቆች ከከተማው ውጭ ወጥተው ምሳ አደረጉላቸው፤ ከስድሳ የሚበልጡ ፈረሰኞችም አጅበዋቸው ገቡ። ሙቲስ በቤታቸው አጠገብ ማረፊያ አዘጋጅተውላቸው ነበር። ሁምቦልት ከሰረገላው ሲወርድ የአየር ክብደት መለኪያውን፥ ባሮሜትር የሚባለውን፥ ለማንም ሳያምን በእጁ ይዞ ነበር፤ ሽማግሌውም ይህን አይተው ፈገግ አሉ። ሙቲስ እንግዶቻቸውን አቅፈው ተቀበሉ፤ ሁምቦልት ስለ ዕውቀት ነገር ወዲያው ሊጀምር ሲል እርሳቸው በዙሪያ የቆሙት ሁሉ ሊሰሙት ወደሚችሉት ወደ ተራ ጨዋታ ነገሩን መለሱት። ይህ የትልቅ ሰው ጠባይ ነው፤ የሚያውቀውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ደጅ ላይ አያፈሰውምና።

በዚያ ሁሉ ሰልፍ መካከል ቦንፕላን በወንዙ መንገድ የያዘው ንዳድ አልለቀቀውም ነበር። የሚያስገርመው ነገር፥ የታመመው የንዳድ መድኀኒት ስለሚሆነው ስለ ሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ብዙ በመረመሩ ሰው ደጅ ነው። ሐኪሙ ታማሚ ሆነ፤ እንግዳው አልጋ ያዘ። ስለዚህ በከተማይቱ ሁለት ወር ተቀመጡ።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። ሁምቦልት ያን ሁለት ወር የቆየው ስለ ባልንጀራው ነውን፥ ወይስ ስለ ራሱ? ስለ ራሱ ነው ለማለት የሚሻ ሰው ማስረጃ አያጣም። ሁምቦልት በዚያን ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የቴኬንዳማን ፏፏቴ ሄዶ አየ፤ ስለ ወርቅ የሚተረክበትን የጓታቪታን ባሕር ጎበኘ፤ የሲፓኪራን የጨው ጉድጓድ መረመረ፤ የሙቲስንም መጻሕፍትና ሥዕሎች ተመለከተ። ሙቲስ ያላቸው የዕፅዋት መጻሕፍት ብዛት በለንደን ካለው ከባንክስ ስብስብ በቀር አቻ የሌለው ነው ብሎ ጽፏል። ስለዚህ መቆየቱ ጠቅሞታል፤ የጠቀመ ነገር ደግሞ እንዴት ለሌላ የተደረገ ምግባር ይባላል? ይህን የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ምግባር ካላቈሰለ ምግባር አይደለም የሚል ክፉ ትምህርት በሰው ልብ ውስጥ ሥር ሰድዷልና።

ነገር ግን ይህ ፍርድ የተጣመመ ነው። ምግባርን የምንመዝነው ከእርሱ ጋር ጥቅም ተቀላቅሎ እንደ ሆነ በመመርመር ብቻ አይደለም፤ ጥቅሙ ባይኖርስ ኖሮ ሰውዬው ምን ያደርግ ነበር ብለን በመጠየቅ ነው። ለዚህ ምስክሩ አንጎስቱራ ነው። በዚያ በሞቃቱ የወንዝ ዳር ከተማ ሙቲስን የሚያህል ሊቅ አልነበረም፤ ፏፏቴ አልነበረም፤ ቦንፕላን እስኪያገግም ድረስ ግን ሁምቦልት አንድ ወር ያህል ጠብቋል። በአንጎስቱራ የጠበቀ ሰው በቦጎታ ሲጠብቅ ጥቅሙ በላዩ ተጨመረለት እንጂ ምክንያቱ አልተለወጠም። ደግሞም ቸኵሎ ቢሆን ኖሮ አይረባውም ነበር፤ ቦዳን በሌላ በኩል፥ በአፍሪካ ደቡብ ዞሮ እንደ ሄደ ኋላ ኪቶ ሲደርሱ ሰሙ። በሊማ የሚጠብቃቸው መርከብ አልነበረም። ይህን ግን በቦጎታ ሳለ አያውቅም ነበርና፥ መጠበቁ የሚመዘነው በዚያን ጊዜ ያጣ በመሰለው ነገር ነው።

የባልንጀራ ክብር በሕመም አልጋ አጠገብ መገለጡ ግን ቀላሉ ነገር ነው፤ የታመመን ማዘን ለሰው ሁሉ ይቻላል። የሚከብደው ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው። በኦገስት 1804 ፈረንሳይ ሲገቡ ይዘውት የመጡት የደረቀ ዕፅዋት 60,000 ያህል ነበር፤ በመንገድ ላይ የተጻፈው የዕፅዋት መዝገብም አብዛኛው በቦንፕላን እጅ ነው። ሁምቦልት ለባልንጀራው ከናፖሌዎን መንግሥት በየዓመቱ የ3,000 ፍራንክ አበል እንዲሰጠው ረዳው። ነገር ግን ቦንፕላን በጠረጴዛ ላይ ጐብጦ መጻፍ የማይሆንለት ሰው ነበር። በ1808 በማልሜዞን የእቴጌ ጆዜፊን የአትክልት ስፍራ ሹም ሆነ፤ ሕያው አበባም ከደረቀው ይልቅ ይስበው ነበር። ሁምቦልት እየለመነ፥ አንዳንድ ጊዜም እየተቈጣ፥ ስለ ዘገየው የዕፅዋት መጽሐፍ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። በመጨረሻ ሥራው ኩንት ለሚባል ለጀርመናዊ ወጣት ሊቅ ተሰጠ፤ እርሱም ከ1815 እስከ 1825 በሰባት ጥራዝ ፈጸመው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄ ይነሣል፤ ከፊተኛውም ይልቅ ይጠብቃል። ሁምቦልት ስለ ጉዞው ያሳተማቸው 30 ያህል ጥራዞች የሁለቱን ስም ይዘው ወጡ፤ ብዙውን የጻፈው ግን ሁምቦልት ነው። ያልጻፈን ሰው ስም በመጽሐፍ ላይ ማኖር ፍትሕ ነው ወይስ ሐሰት? ፍቅር እውነትን ሊያስት የተፈቀደለት አይደለምና፥ ጥያቄው በለሆሳስ የሚታለፍ አይደለም። ለሰነፉ ድርሻ መስጠት የትጉሁን መቀነስ ይሆናል የሚል ቢነሣ ተሳስተሃል ብሎ በቀላሉ መመለስ አይቻልም።

መልሱ ከአርእስቱ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የጉዞው ታሪክ አርእስት፥ በሐሳቡ ሲተረጐም፥ በአሌክሳንደር ሁምቦልትና በኤሜ ቦንፕላን የተደረገ ጉዞ ይልና፥ ቀጥሎ በአሌክሳንደር ሁምቦልት የተጻፈ ይላል። አንባቢ ልብ ብሎ ያስተውል፤ በአንዱ ገጽ ላይ ሁለት አንቀጾች አሉ። «ተደረገ» ለሚለው ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፥ ያያያዛቸውም «ና» ነው እንጂ «ጋር» አይደለም፤ «ተጻፈ» ለሚለው ግን ባለቤቱ አንድ ነው። በኩንት እጅ የተፈጸመውም መጽሐፍ እንዲሁ፥ የሰበሰቡት ቦንፕላንና ሁምቦልት እንደ ሆኑ፥ በሥርዐት ያሰናዳው ኩንት እንደ ሆነ ለይቶ ይናገራል፤ በዚያ ላይ የቦንፕላን ስም ከሁምቦልት ስም ቀድሞ ተቀምጧል። እንዲህ ከሆነ ሐሰት የለበትም፤ ለእያንዳንዱ ድካም የራሱ ባለቤት ተሰጥቶታልና። ሁምቦልት ለባልንጀራው ያልሠራውን አልሰጠውም፤ የሠራውን ግን በሌላ ሰው ስንፍናም ሆነ በራሱ ዝና እንዳይዋጥ ጠበቀለት። ክብር የሚቈረሰው በዚህ መንገድ ነው፤ አንቀጹን በመለየት።

የዓለም ልማድ ግን ይህን አልተከተለም። በጁን 1802 ቺምቦራሶ የሚባለውን የኤኳዶር ተራራ ከሁምቦልት ጋር የወጡት ቦንፕላንና የኪቶው ወጣት ካርሎስ ሞንቱፋር ነበሩ፤ ሰው ግን «ሁምቦልት ወጣ» ይላል። ሞንቱፋር ከተነሣ ዘንድ፥ በ«ጋር» ውስጥ እንኳ ለመግባት ያልታደለውን ማንሣት ይገባል። ፍራንሲስኮ ሆሴ ዴ ካልዳስ የሚባለው የአገሩ ተወላጅ፥ መሣሪያውን በገዛ እጁ እየሠራ ከዋክብትን የተማረ ሰው፥ በኪቶ ሊከተላቸው ለምኖ ነበር፤ ሁምቦልት እርሱን ትቶ ሞንቱፋርን ወሰደ። ካልዳስም በደብዳቤዎቹ መራራ ኀዘኑን ጻፈ። ሁለቱም፥ የተመረጠውም ያልተመረጠውም፥ ለአገራቸው ነጻነት ቆመው በ1816 በእስጳንያ ንጉሥ ሠራዊት እጅ በጥይት ተገደሉ። የማግዳሌናን ወንዝ ሽቅብ ጀልባውን በረጅም እንጨት እየገፉ ያወጧቸው ሰዎች ደግሞ በየትኛው አንቀጽ ይታሰሩ? ሁምቦልት ስለ ድካማቸው በማስታወሻው ጽፏል፤ የአርእስቱ ገጽ ግን አላወቃቸውም። ስለ ባልንጀራ ክብር ተከራክሮ የፈረደ ሰው ፍርዱን በእነዚህ ደጅ ሲያደርስ አፉ መያዙ አይቀርም።

ቦንፕላን ኋላ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተመለሰ። በ1816 መጨረሻ ከፈረንሳይ ተነሥቶ በ1817 ወደ ቦነስ አይረስ ገባ፤ ይህችም የዛሬዋ የአርጀንቲና ዋና ከተማ ናት። በዚህ ጊዜ በአጠገቡ ሁምቦልት አልነበረም። ከዚያም ወደ ሰሜን ወጥቶ ማቴ የሚባለውን፥ እንደ ሻይ ተፈልቶ የሚጠጣውን ቅጠል ማልማት ቢጀምር፥ የፓራጓይ ገዥ ፍራንሲያ ተጠራጥሮ በ1821 ወታደሮች ላከበት፤ ማርከውም ወሰዱት። እስከ 1829 ድረስ ከዚያ አገር እንዳይወጣ ተከለከለ፤ በዚያም እያረሰና ድውይ እያከመ ኖረ። ሁምቦልት እንዲለቀቅ ብዙ ደከመ፤ ቦሊቫርም በ1823 ለፍራንሲያ ጻፈ፤ አልሰማቸውም። ከተለቀቀ በኋላ ቦንፕላን ወደ አውሮጳ አልተመለሰም። ሁለቱ ባልንጀሮች ከ1816 ወዲህ በዐይን ሳይተያዩ እስከ እርጅናቸው ድረስ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ኖሩ። ቦንፕላን በ1858 ሳንታ አና በምትባል በአርጀንቲና መንደር ሞተ፤ ሁምቦልትም በሚመጣው ዓመት በሜይ ወር በበርሊን ተከተለው። በቬኔዙዌላ በሜሪዳ ተራሮች ሁለት ጫፎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ሁምቦልት፥ ሁለተኛው ቦንፕላን ይባላል፤ የሁምቦልት ጫፍ በጥቂት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ የሚመጣ ነበር። በቦጎታ ሳሉ፥ በሴፕቴምበር 1801፥ ቦንፕላን በበቅሎ ለመቀመጥ የሚያበቃ ኃይል ባገኘ ጊዜ፥ ሁለቱ ሙቲስን ተሰናብተው ወጡ። ከፊታቸው ኪንዲዮ የሚባለው ዱርና ተራራ ነበር። በዚያ መንገድ የሚያልፍ የተከበረ ሰው ወንበር በጀርባቸው በታጠቁ ሰዎች ላይ ተቀምጦ እየተሸከሙት ማለፍ የአገሩ ልማድ ነበር፤ ቦንፕላንም ከሕመም የተነሣ ሰው ነበር። ሁለቱም በሰው ጀርባ መቀመጥን እንቢ አሉ። ዕቃቸውን በበሬ አስጭነው፥ ዝናቡ እየወረደባቸው፥ በጭቃው ውስጥ በእግራቸው ሄዱ፤ ጫማቸው እሾኽ በልቶት አለቀ፤ ካርታጎ ወደምትባለውም ከተማ በባዶ እግራቸው፥ እግራቸው እየደማ፥ ደረሱ።